በማክሰኞና በዓርብ መካከል

ከተማው ሁሉ «ቆጣሪዋ» ነው የሚላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ፣ እርሳሷን በጆሮዋ ሰክታ የየቤቱን የውኃ ቆጣሪ ስታነብ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ያልገባችበት ግቢ፣ የማታውቀው ውሻ የለም። አራት ጊዜ ተነክሳለች። አራተኛውን ውሻ መልሳ ነከሰችው ብለው የሚያወሩ አሉ፤ ውሸት ነው፣ በደብተሯ ጠርዝ አፍንጫውን ነው ያለችው። ሰውም እንደ ውሻው ይፈራታል። ቆጣሪውን በሽቦ ወጥሮ ያስቆመ ሰው ካገኘች ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጠብቃ፣ «ለመሆኑ ምን እሽሩሩ ብትለው ነው እንዲህ የተኛልህ?» ትለዋለች። ሰውየው በዚያው ሳምንት ሽቦውን ይፈታል።

አፏ እንዲህ የማይመለስ ሴት በአንድ ነገር ላይ አርባ ዓመት ዝም ብላለች ቢባል ማንም አያምንም ነበር።

የወንድሟ ልጅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። አባቱን አያውቀውም፤ በእናቱ ሆድ ሳለ ነው የሞተው። እናቱም ስድስት ዓመት ሲሆነው ታማ ስታልፍ ቆጣሪዋ ወስዳ አሳደገችው። እሷ ባል አላገባችም። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም፤ «አንዱን ወንድ አሳድጌ ልጨርስና ወደ ሁለተኛው እሄዳለሁ» እያለች ጊዜው ሄደ። መምህሩ አሁን ሚስትም ልጆችም አሉት፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እሷን ሳያይ አይውልም።

በአንዱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እየተጣደፈ መጣ። ቆጣሪዋ የወጥ ቤቷን ቧንቧ ፈትታ ያረጀ ጎማውን ትቀይር ነበር።

«እቴቴ፣ እሱን ተይውና ስሚኝ!» አለ፤ በእጁ የታይፕ ወረቀቶች ይዟል። «ኮሚቴው አጸደቀው። በሚቀጥለው ሳምንት ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ከተማ ትልልቅ ቀኖች ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የተጠራቀሙት። ሰኞ ከተማው የተቆረቆረበት ነው። ማክሰኞ የዋሻው አደጋ። ረቡዕ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የተከፈተበት። ዓርብ ደግሞ የቧንቧ ውኃ የገባበት፣ «የውኃ ቀን» የሚሉት። ድሮ በወጣው ደንብ መሠረት ሁሉም በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ሳምንት፣ በየዕለቱ ይከበራል። ዘንድሮ ዋሻውና ውኃው አርባ ዓመት ስለሞላቸው የበዓል ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ መምህሩ «ታሪካዊው ሳምንታችን» የሚል ትንሽ መጽሐፍ እንዲጽፍ ታዞ ነበር።

ጉሮሮውን ጠራርጎ ማንበብ ጀመረ። ሰኞን አነበበ። ቆጣሪዋ እጇን እየጠራረገች፣ በልጇ ንባብ ደስ እያላት ታዳምጣለች። ትምህርት ቤቱን አነበበ። ከዚያ፦

«በዚያች ታሪካዊ ዓርብ፣ ዋሻው በተደረመሰበትና ውኃው በተለቀቀበት ዕለት፣ አሥራ አንድ ጀግኖች ሕይወታቸውን ሰውተው...»

«ድገመው» አለች።

ደገመው።

«መቼ ነው የተደረመሰው?»

«ማክሰኞ እንደሆነማ አውቃለሁ እቴቴ። ግን አራት በዓል በአንድ ሳምንት ሥራ አስፈታ ተብሎ ሁሉም ወደ ዓርብ ተጠቀለለ። ከዘንድሮ ጀምሮ አንድ ትልቅ በዓል ነው። ጽሑፉም ከበዓሉ ጋር እንዲሄድ ሰብሳቢው ትንሽ አስተካክለው አለኝ።»

«ትንሽ!»

«ሦስት ቀን እኮ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ሦስት ቀን ምን ልዩነት ያመጣል?»

በእጇ የቧንቧ መፍቻ ነበር። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ወረወረችው፤ ሁለት ሳህን ተሰበረ። መምህሩ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። ልጅ ሆኖ መስኮት ሲሰብር እንኳ ትቆጣለች እንጂ ፊቷ እንዲህ አይጠቁርም።

«ውጣልኝ» አለች።

«እቴቴ...»

«ከነወረቀትህ ውጣልኝ!»

ወጣ። እሷ ክፍት በቀረው ቧንቧ ፊት ቆማ ቀረች። የተናደደችው በእሱ አልነበረም። እሱ ምን ያውቃል? የነገረው ሰው የለ። መንገር የነበረባት እሷ ናት።

የዛሬ አርባ ዓመት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ከተራራው ማዶ ያለውን ወንዝ ወደ ከተማው ለማምጣት ዋሻ ሲቆፈር፣ በዋሻው አፍ ላይ ባለች የቆርቆሮ ክፍል መብራት አዳይ ሆና ተቀጠረች። ሥራው ቀላል ነው፣ ስህተት ግን አይፈቅድም። እያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥር የተቀረጸበት የናስ ምልክት አለው። ሲገባ ምልክቱን ይሰጣታል፤ እሷ ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር ታንጠለጥለውና ራስ ላይ የሚታሰር መብራት ከነባትሪው ታስረክበዋለች። ሲወጣ መብራቱን መልሶ ምልክቱን ይወስዳል። ሚስማሩ ላይ ምልክት ካለ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

የወንድሟ ቁጥር ሰባ ሦስት ነበር። በሰባት ዓመት ይበልጣታል፤ «ጋሽዬ» ትለዋለች። ሥራውን ያገኘላትም እሱ ነው። ሁልጊዜ በመስኮቷ በኩል አንገቱን አስግጎ፣ «እባክሽ እመቤት፣ ዛሬ እንኳ የሚያበራውን ስጪኝ፤ ትናንት የሰጠሽኝ ከክብሪት አይሻልም» ይላታል። እሷም፣ «ክብሪቱንም ሳታጠፋ መልስ» ትለዋለች።

በዚያ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከዋናው ዋሻ የተገነጠለ አንድ የጎን ዋሻ ተደረመሰ። ዋናው ምንም አልሆነም። ሰው እየሮጠ ወጣ፤ መብራቱን እየወረወረ ምልክቱን ነጠቀ። አቧራው ጋብ ሲል ቆጣሪዋ ግድግዳውን አየች። አሥራ አንድ ምልክት ቀርቷል። ሰባ ሦስት ቁጥር ከመስኮቱ አጠገብ ተንጠልጥሏል።

ወደ ጎን ዋሻው አየር የሚያስገባ የብረት ቧንቧ ነበረ። ፍርስራሹ አልቆረጠውም። ካቦው፣ የቆፋሪዎቹ አለቃ፣ በመዶሻ ቧንቧውን አንዴ መታ። «ስንት ናችሁ?» ማለቱ ነው፤ ሁሉም ያውቁታል። ከውስጥ መልስ መጣ፦ ዘጠኝ ጊዜ። ውጪ የቆመው ሰው በእልልታና በልቅሶ መካከል ሆነ። ወዲያው ከዋናው ዋሻ በኩል ቁፋሮ ተጀመረ።

ረቡዕ ጠዋት ካቦው መታ። ሰባት ጊዜ መለሱ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ መታ። አራት ጊዜ።

ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ሥራ አስኪያጁ መጣና ቆፋሪዎቹን ሁሉ አስወጣ። ጎን ዋሻው የሚቆፈረው በዋናው ዋሻ በኩል ነው፤ በዋናው ዋሻ ደግሞ በማግስቱ ውኃ ይለቀቃል። እንግዶቹ ከሁለት ወር በፊት ተጠርተዋል፤ ሪባኑ ተዘጋጅቷል፤ የማርሽ ባንዱ ከሩቅ መጥቶ አድሯል። «ይህ ቀን አይንቀሳቀስም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ካቦውንና ቆጣሪዋን ወደ ቢሮው ጠራ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ነበር። «ከማክሰኞ ምሽት ጀምሮ ከውስጥ ምንም ድምፅ አልተሰማም» ይላል። ካቦው ፈረመ። እሷ እስክሪብቶውን አልተቀበለችም።

«የወንድምሽ ሚስት በድርጅቱ ቤት ነው የምትኖረው፣ አይደል?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። «ሰባት ወሯ ነው ይላሉ። ከፈረምሽ ትኖርበታለች። ካልፈረምሽ ቅዳሜ ዕቃዋን ታወጣለች።»

ፈረመች።

ደጅ ሲወጡ ካቦው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «አራት ሜትር ይቀረን ነበር፤ በአንድ ቀን አንደርስባቸውም። ዝም በይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» አላት። ከዚያች ቀን ወዲህ አላናገረችውም። ቤቶቻቸው በሦስት መንገድ ነው የሚራራቁት፤ ቆጣሪውን ልታነብ በየወሩ ግቢው ትገባ ነበር፤ ቁጥሩን ጽፋ ትወጣለች እንጂ ቀና ብላ አታየውም።

ዓርብ በአራት ሰዓት ባንዱ መታ፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ውኃው ተለቀቀ። እሷ በቆርቆሮ ክፍሏ ከአሥራ አንዱ ምልክቶች ጋር ቁጭ ብላ ነበር። በወሩ የጎን ዋሻው በኮንክሪት ተደፈነ። ሬሳ አልወጣም። እሷን የቆጣሪ አንባቢነት ሥራ ሰጧት፤ አፏን በሥራ ወተፉት። ያን ውኃ ከተማው ሁሉ ይጠጣል። እሷም ትጠጣለች። ሌላ ውኃ የለማ።

ማክሰኞ የተባለች ቀን ግን ነበረች። ማክሰኞና ዓርብ ተለያይተው እስከቆሙ ድረስ አንድ ቀን አንድ ሰው፣ «በመካከል ያሉት ሦስት ቀኖች ምን ሆኑ?» ብሎ ይጠይቃል ብላ ተስፋ ታደርግ ነበር። አሁን ያቺኑ ማክሰኞ ሊያጠፏት ነው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነው። ጸሐፊዋ «ቀጠሮ አለዎት?» ስትላት፣ «አርባ ዓመት ያለፈው ቀጠሮ ነው» ብላ በሩን ከፍታ ገባች። መምህሩ ከጠረጴዛው ጫፍ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሲያያት ክው አለ።

ሰብሳቢው ገና ወጣት ነው፤ ጥሩ ሱፍ ለብሷል። «እናታችን፣ ይቀመጡ» አለ።

«አልቀመጥም። ማክሰኞን መልሱ።»

«የወንድምዎ ክብር እኮ አይቀንስም። እንዲያውም ዓርብ ትልልቅ እንግዶች ባሉበት ይነሳል።»

«ትልልቅ እንግዶች!» አለች። «ያኔም ትልልቅ እንግዶች አይደሉ እንዴ የገደሉት? ማክሰኞ ተደረመሰ፣ ሐሙስ አራት ሰው በሕይወት ነበር። ቧንቧውን ያንኳኩ ነበር። ለእናንተ ሪባን ተብሎ ቁፋሮው ቆመ። ዓርብ በላያቸው ማርሽ አስመታችሁ!»

የመምህሩ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

ሰብሳቢው አልተናደደም። ሰው ልኮ ከመዝገብ ቤት አንድ አሮጌ ፋይል አስመጣ፤ ገልጦ ወረቀቱን አነበበ። «ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲህ እናታችን፣ የዋሹት ያኔ ነው ወይስ ዛሬ?»

«ያኔ» አለች። «ያኔ ዋሽቻለሁ። በቁሜ ነው የዋሸሁት።»

«ታሪክ በሰነድ ነው የሚጻፈው» አለና ፋይሉን ዘጋው። «ስሜትዎን እንረዳለን።»

«ስሜቴን ተወው! ቀኑን ነው የጠየቅኩህ!» ብላ ጮኸች። ጥበቃ ተጠርቶ በትህትና፣ በክንዷ ይዞ አስወጣት።

መምህሩ ደረጃው ላይ ደረሰባት። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«አባቴ ሐሙስ በሕይወት ነበር?»

«ከአራቱ አንዱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ማን እንደሆነ ማንኳኳት አይናገርም።»

«አርባ ዓመት! በየዓመቱ ማክሰኞ እጄን ይዘሽ እየወሰድሽኝ፣ አበባ እያስቀመጥኩ... እኔ እኮ የታሪክ መምህር ነኝ እቴቴ! ልጆቹን ‹ምንጩን ጠይቁ፣ ምንጩን ጠይቁ› እያልኩ ስጮህ፣ ምንጩ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ያፈላልኛል!»

«እናትህን ከቤት ሊያስወጧት ነበር። አንተን አርግዛ...»

«በኔ አታሳቢ!» አለ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ድምፁ ዝቅ አለ። «ዓርብ ሞቱ ብዬ የጻፍኩት... ውሸት መስሎኝ ነበር የጻፍኩት። ለካ እውነት ሊሆን ይችላል።»

ትቷት ሄደ። በቀጣዩ ቅዳሜም አልመጣም።

ሰው በሌላ ሲናደድ ቢያንስ ዓይን ዓይኑን የሚያየው ጠላት አለው። በራሱ ሲናደድ ማንን ይመታል? ቆጣሪዋ ያን ሰሞን ያልተፋቀ ድስት፣ ያልተወለወለ መስኮት አላስቀረችም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ትላለች ለራሷ፤ ግድግዳውን ትፈትጋለች፣ መልሳ ትፈትጋለች።

የበዓሉ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት መቀመጫ ዱካዋንና ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ዋሻው አፍ ወጣች። በብረት አጥር የታጠረ፣ ዳገቱ ላይ ያለ ቦታ ነው። ዘበኛው ጎጆው ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል።

«እማማ፣ በዓሉ ዓርብ ነው» አላት።

«አውቃለሁ። ቀድሜ መጣሁ።»

«በሦስት ቀን?»

«በሦስት ቀን» አለችና ዱካዋን ከአጥሩ ሥር ተክላ ተቀመጠች። ድንኳን ሊተክሉ የመጡ ሠራተኞች፣ ማገዶ የሚሸከሙ ሴቶች፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሰማት። «ዛሬ ማክሰኞ ነው። በስምንት ሰዓት ተደረመሰ። ማታ ዘጠኝ ሰው ያንኳኳ ነበር።» አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ። አንዳንዱ «ጃጀች» ብሎ አለፈ። ጀንበር ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ወረደች፤ ረቡዕ ጠዋት ተመልሳ ወጣች። «ዛሬ ረቡዕ ነው። ሰባት ሰው።»

ወሬው ገበያ ገባ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ዳገቱን እያለከለከች መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነበር፣ ሦስት ልጅ በመርፌ ያሳደገች ሴት። የመለኪያ ሜትሯ ገና አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ከሰባቱ ውስጥ ባሌ ነበረ?» አለች፣ ሰላምታ ሳትሰጥ።

«አላውቅም።»

«ቁጥሩን ታውቂያለሽ፣ ሰውየውን አታውቂም! ሠላሳ አንድ ዓመት የቤቴን ቆጣሪ ስታነቢ፣ በሬ ላይ ቆመሽ ‹እንደምን አደርሽ› ስትዪኝ...» እጇን አነሳች። ቆጣሪዋ ፊቷን አላዞረችም፤ ብትመታት ደስ ይላት ነበር። ልብስ ሰፊዋ አልመታቻትም። መሬቱ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታት። ሲመሽ ተነስታ ብቻዋን ወረደች። ሐሙስ ጠዋት ግን ቀድማ መጥታ እዚያው ቦታ ተቀምጣ አገኘቻት፤ አሁንም ጀርባዋን ሰጥታ።

ሐሙስ ሰብሳቢው ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ላከ። «ቦታው ሊጸዳ ነው፣ ተነሱ።»

«እኛን ነው የምታጸዱት?» አለች ቆጣሪዋ። አንደኛውን አወቀችው። «አንተ የዳቦ ቤቱ ልጅ አይደለህ? የአባትህ ቆጣሪ ስንት ዓመት እንደተኛ ላውራልህ?» ልጁ ጓደኛውን ጎትቶ ሄደ።

ያኔ ነው ካቦው የመጣው። ዕድሜው ሰባ ስድስት፣ በምርኩዝ፣ እያንዳንዱ እርምጃ እየቆጠቆጠው። የመሰርሰሪያው ጩኸት ጆሮውን የወሰደበት ድሮ ነው።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለችው። በፊት «እርስዎ» ነበር የምትለው።

«እ?»

«ምን ልትሠራ መጣህ!»

«ጉልበቴ ነው እንጂ ደህና ነኝ፤ አንቺስ?»

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። ካቦው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ትንፋሹን ሰብስቦ፣ እጁን በምርኩዙ ላይ አነባብሮ ተናገረ። ጆሮው ስለማይሰማ በሹክሹክታ የሚናገር ይመስለዋል፤ ድምፁ ግን ከአጥሩ ማዶ ይሰማል።

«አራት ሜትር ቀረን ብዬሽ ነበር።»

«አስታውሳለሁ።»

«ዋሽቼሻለሁ። ሁለት ነበር። እስከ ንጋት እንደርስ ነበር።»

ቆጣሪዋ ተነሳች። ጃንጥላዋ በእጇ ነበር፤ ከራሱ በላይ አነሳችው። ሽማግሌው አልተከላከለም፤ እንዲያውም ባርኔጣውን አወለቀ። መላጣው ላይ የድሮ ጠባሳ አለ። አርባ ዓመት ራሷን ያታለለችበት ነገር፣ «ብንቆፍርም አንደርስም ነበር» የምትለው ነገር፣ በአንድ ቃል ተናደ። ጃንጥላውን ድንጋዩ ላይ መታችው፤ ዘንጎቹ ተሰባበሩ፤ እስኪደክማት መታችው።

«ተነስና ሂድ» አለችው።

«እ?»

መልሳ አልጮኸችም። አልሄደም።

ዓርብ በአራት ሰዓት ድንኳኑ ሞላ። እንግዶች፣ ባንድ፣ የአበባ ጉንጉን፣ ተማሪዎች በሰልፍ። ሦስቱን ከገመድ ውጪ አደረጓቸው። በፕሮግራሙ ላይ ታሪኩን የሚያነበው መምህሩ ነው። ቆጣሪዋ ወደ መድረኩ ሲወጣ አየችው። «አያነበውም» አለች በልቧ። «ያን ዓረፍተ ነገር አያነበውም።»

አነበበው። ልክ እንደተጻፈው አነበበው፦ «በዚያች ታሪካዊ ዓርብ፣ ዋሻው በተደረመሰበትና...»

ካቦው ወደ ቆጣሪዋ ጆሮ ጎንበስ አለ፣ እንደ መሰለው ሹክ ሊላት። «ምን አለ? ዓርብ ነው ያለው? ማክሰኞ አይደለም እንዴ! ሐሙስ እኮ ያንኳኩ ነበር! አራት ነበሩ! ሁለት ሜትር ነው የቀረን፣ ሁለት ሜትር!»

ዳገቱ ሁሉ ሰማ። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ሽማግሌ በሠርግ መሐል ሲያወራ እንደሚሳቀው። ከዚያ የሰሙት ገባቸውና ሳቁ ሞተ። ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላ የባሏን ስም ጠራች፤ አንዴ ብቻ። ሰብሳቢው ለባንዱ ምልክት ሰጠ፣ ከበሮው ተመታ። መምህሩ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከመድረኩ ወርዶ በሌላ በኩል ሄደ፤ ወደ እሷ አልመጣም።

ቆጣሪዋን ያን ቀን ያበገናት ሰብሳቢው አልነበረም፤ እሱ ሥራው ነው። ልጇ ነው። በጓዳዋ እየተንጎራደደች ሰደበችው፤ መሐል ላይ ቆማ፣ «ከማን ወረሰው!» አለችና ተቀመጠች።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ መጣ። ከስቷል። አንድ ቅጂ መጽሐፍ ጠረጴዛዋ ላይ አደረገ። «ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው ሦስት መቶ አርባ ቅጂ ነው» አለ። «ሁሉንም በእጄ አርሜዋለሁ። ለተማሪዎቹ አድዬዋለሁ። ርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ጽፎብኛል፤ ላባረር እችላለሁ።»

ገለጠችው። «ዓርብ» የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። በኅዳጉ ላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል፦ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰው። ረቡዕ፣ ስምንት ሰው። ሐሙስ፣ አራት ሰው፣ ሁለት ሜትር። ከዚያም የእሷና የካቦው ምስክርነት እንደሆነ፣ ሁለቱም በመጀመሪያ በሐሰት እንደፈረሙ። ያንንም አልደበቀላትም።

ለረጅም ጊዜ አነበበችው። መምህሩ እንደ ተማሪ ቆሞ ይጠብቃል።

«ረቡዕ ሰባት ነው» አለች። «ስምንት አይደለም።»

«እቴቴ፣ ሦስት መቶ አርባ ነው እኮ...»

«ሰባት ነው አልኩህ! ሄደህ ሰብስበህ አርመው። ስምንተኛውን ሰው አንተ አንድ ቀን አኖርከው፣ እሱ ግን ሞቷል።»

ሄዶ ሰብስቦ አረመው። አልተባረረም፤ ደመወዙን ቀጡት፣ ከኮሚቴው ሰረዙት። እሷም ወዲያው ይቅር አላለችውም፣ እሱም እሷን። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ሻይ ይጠጣሉ፤ አንዳንዴ በመሐል አንዱ ይነሳና ይጮኻል፣ ሌላው ይመልሳል። ልብስ ሰፊዋ እንደ በፊቱ ጀርባዋን አትሰጥም፤ ፊት ለፊት ነው አሁን የምትሳደበው።

ቆጣሪዋ፣ ልብስ ሰፊዋና ካቦው ሦስት ሆነው የጎን ዋሻው እንዲከፈትና አፅሙ እንዲወጣ ማመልከቻ አስገቡ። ካቦው ማዘጋጃ ቤት ድረስ በምርኩዝ ሄዶ አዲስ ቃል ሰጠና ፈረመ። «የቀድሞው ፊርማ ይቀድማል» ተባለ። በክረምቱ ካቦው ሞተ። ቆጣሪዋ ቀብሩ ላይ ቆማለች፤ አላለቀሰችም፣ ቀድማም አልሄደች።

በሚቀጥለው ዓመት የማክሰኞ መታሰቢያ ወደ ቀኑ ተመለሰ። የከተማው የቀን መቁጠሪያ ላይ «የዋሻው አደጋ መታሰቢያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስለ ረቡዕም ስለ ሐሙስም አንድም ቃል የለም። ማመልከቻው ላይ መልስ አልተሰጠም። ቆጣሪዋ ሰኞ ሰኞ፣ ቢሮ ሲከፈት፣ ማዘጋጃ ቤት ትገኛለች። ጸሐፊዋ «ነገ ይመለሱ» ትላታለች፤ በማግስቱ ትመለሳለች። ባለፈው ሰኞ ጸሐፊዋ ጭንቅ ብሏት፣ «እማማ፣ እባክዎ ድምፅዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ፣ ውስጥ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለቻት።

«አላደርግም» አለች ቆጣሪዋ።